በአንቺ ቁጥር

ግንቦት 14 ቀን።

እሁድ ዕለት አምስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ።

ለታናሽ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሥራሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጥርስሽስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የእማዬን ነገር ቆይቼ እመጣበታለሁ። ይህን የምጽፍልሽ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ነው፤ ለዓይኗ ጠብታ ልገዛ።

«ፈቃድ ከለከሉኝ፣ የሩጫ ቁጥሬ ከሚቃጠል አንቺ ሩጪበት» ስትዪኝ የሳቅሽውን ሳቅ ሰምቻለሁ። ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ምን ይሮጣል ብለሽ ነው። እማዬም ስነግራት፣ «ምሰሶ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። መቼም አንቺ ነፋሷ፣ እኔ ምሰሶዋ ነን። ምሰሶ መባል ምስጋና ነው ትያለሽ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ተብለሽ እዪው።

ቢሆንም ጠዋት ቁጥርሽን ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያዘችልኝ ራሷ ናት። አራቱንም ማዕዘን፣ አንዴም ሳትወጋኝ።

ስንለቀቅ እንደ እብድ ተፈተለክኩ። አንዱ ኪሎ ሜትር ሳያልቅ ጎኔን ወጋኝ። አንድ ሽማግሌ እያለፉኝ፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ የሚያባርርሽ የለም» አሉኝ። የማባርረው እኔ እንደሆንኩ፣ የማባርረውም አንቺን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እማዬን መጨረሻው መስመር አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጣታለች። ከሩቅ ሳያት እግሬ ቀለለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሜዳሊያ አልነበረም ያማረኝ። አንድ ቀን እንኳ እኔን እያየች እንድትጮህ ነበር። ጮኸችም። ብድግ ብላ፣ እጇን እያወዛወዘች፣ «ነፋሴ! ነይ ነፋሴ!»

ልብስ ሰፊዋ፣ «ኧረ እትዬ፣ ትልቋ ናት እኮ!» ብትላት፣ «የወለድኳት ልጅ ትጠፋኛለች?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ አቀፈችኝ። ላቤን በመሐረቧ እየጠረገች፣ «እህትሽ የት ቀረች?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ናት» አልኳት። ምን ልበላት?

ሜዳሊያውን ፎቶሽ ላይ ሰቀለችው። ከሰዓት በኋላ ስትደውዪ «አኮራሽኝ» አለችሽ። ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበር፤ እኔ ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ። «አመሰግናለሁ እማዬ» አልሽ። «የሮጠችው እሷ ናት» ማለት ይህን ያህል ከበደሽ?

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ዓይኗ ደክሟል እላለሁ። ትናንት ግን የሸሚዜ ቁልፍ ተበጥሶ ሰፋችልኝ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ሙከራ አስገባችው፤ ያለ መነጽር። ሰፍታ ስትጨርስ ፊቴን ትክ ብላ አይታ፣ «እህትሽ ስትሮጥ አንቺ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

ፈቃድሽን ጠይቂና ነይ። አንቺን አትረሳሽም፣ አይዞሽ።

«ስልሳ ሁለት!» እያለች ነው መድኃኒት ሻጯ። ስልሳ ሁለት እኔ ነኝ፤ ይህኛው እንኳ የራሴ ቁጥር ነው። ሁለቴ ጠራች። ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ በክርናቸው ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ። ወረፋውን ለእሳቸው ለቅቄ ልወጣ ነው፤ ጠብታው ምንም አያደርግላትም።

ጤናውን ያብዛልሽ፣ ጥርስሽንም ያሽርልሽ።

የሮጠችው ታላቅ እህትሽ