ሳህንሽ ከነድንቹ

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሥራ አራት ዓመት ጎረቤቴ፣ ዛሬ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተሽ ለራቅሽኝ።

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉልበትሽ ደረጃውን ለመደው ወይስ አሁንም በየፎቁ ቆመሽ ነው የምትተነፍሺው? የልጆችሽ አባት መሐመድአሚን ደህና ነው? ሱቁስ? ሳምራስ ትምህርቷን ጀመረች? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ላንቺ ምን ያዋሸኛል፣ ደህና አይደለሁም። እማዬ አለች። እንዴት እንዳለች ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

በሞባይል ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሄሎ ስትዪ ዘጋሁት። የማይታወቅ ቁጥር እየደወለ ይዘጋል ብለሽ መሐመድአሚንን እንዳትጠረጥሪው፤ ከቢሮ ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሆነ ነገሩን ወረቀት ላይ ካላሰፈረው አይወጣለትም።

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናገር። ሐኪሙ ከውጭ የመጣ ምግብ ከልክሏል ያልኩሽ ውሸት ነው። ሐኪሙ እንዲያ አላለም። እንዲያውም ማንም ያብላት ማን፣ ብቻ ትብላ ነው ያለኝ። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ቅናት ነው፤ በቃ፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅናቱ ደግሞ የዘንድሮ እንዳይመስልሽ። ሙሽራ ሆነሽ ግቢያችን የገባሽ ዕለት እማዬ በራችን ላይ ቆማ አየችሽና ሸጋዬ አለችሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእማዬ አፍ ሌላ ስም ኖሮሽ አያውቅም። እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እማዬ እኔን ስትጠራኝ አንቺ ልጅ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ስሜን ከነአባቴ። አንድ ቀን ሸጋዬ፣ አንድ ቀን ዓለሜ ብላኝ አታውቅም። አንቺ ሻንጣሽን ሳታወርጂ አገኘሽው።

ስትወልጂ ገንፎው የተገነፋው እኛ ቤት ነው። ሳምራን ያጠበቻት እማዬ ናት። ከቢሮ ስገባ ልጅሽ እማዬ ጭን ላይ ተኝታ፣ ቀስ በይ ሕፃን ተኝቷል እባላለሁ። በገዛ ቤቴ ጫማዬን በእጄ ይዤ የገባሁበትን ቀን እሱ ይቁጠረው። አግብቼ ባልወልድላት በልጅሽ ተካሰች፣ ደግ አደረገች እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ግን ይበላኝ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ድንቹስ ቢሆን? እማዬ ፈረንጅ ቤት ወጥ ቤት ስትሠራ የለመደችውን ድፍጥጥ ድንች፣ በበዓል ከጥብሱ ጎን ከምራ የምታቀርበውን፣ ለማን አስተማረችው? ላንቺ! እኔ ቢሮ ነኛ። ካሮቱ ቶሎ አይበስልም፣ እሱ ይቅደም፤ ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀል፣ ውሃ እንዳይጠጣ፤ እጅሽን እያቃጠለም ቢሆን በትኩሱ ላጪው፤ በብርጭቆ ቂጥ ደፍጥጪው፣ ከቀዘቀዘ ይጓጉላል። ይህን ሁሉ የሰማሁት አንድ ቅዳሜ መኝታ ቤቴ ተኝቼ በግድግዳ ነው። ቃል በቃል ያዝኩት። ተነሥቼ ለኔም አሳይኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ ዒዳችሁና እንቁጣጣሻችን ተከታትለው የዋሉ ጊዜ የመሐመድአሚንን ሱቅ ካላንደር ይዘሽልን መጣሽ። እማዬም አልጋዋ ትይዩ አሰቀለችው። በሳምንቱ ወደቀች። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ ቃል ከአፏ ጠፋ። ሆስፒታል በቱቦ ስትመገብ ሰንብታ መስከረም 25 ማታ ቤቷ ገባች። ስንወጣ ሐኪሙ ወረቀት ሰጠኝ፤ ለስላሳ ምግብ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ ይላል፤ ማኅተም አለው። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከያዝኩ አላልፈውም።

በማግስቱ ማለዳ ተነሥቼ ድንችና ካሮቱን ቀቅዬ፣ በወተት አለስልሼ፣ ቅቤ ጨምሬ አቀረብኩላት። ከንፈሯን ገጠመች። እማዬ በሞቴ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማታ ደግሜ ልሞክራት ብዬ ቢሮ ሄድኩ። ስመለስ፣ ቀን ቀን አጠገቧ የምትውለው ልጅ፣ መድኃኒት፣ ፊቷ በርቶ ተቀበለችኝ። አንቺ በምሳ ሰዓት ድንች ይዘሽ መጥተሽ፣ እማዬ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በልታ፣ በመጨረሻም አፏን ስትጠራርጊላት ሸጋዬ አለች አለችኝ። ከወደቀች ጀምሮ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል! መድኃኒት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ሻርፔን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ምን ያሸነፈኝ መሰለሽ? ቅቤ! የስልጤ ሰው በቅቤ ማን ይችለዋል አልኩ። ከአገር ቤት የሚላክልሽ፣ በኮረሪማ ያበደ ቅቤ ነው እናቴን የወሰደብኝ አልኩ። በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ የሸኖ ለጋ ገዛሁ፣ አነጠርኩ፣ ቤቱን በቅቤ ሽታ አጠንኩት። አንድ ማንኪያ የነበረውን ሦስት አደረግሁት፤ እንቢ ስትል አራት። ድንቹ በቅቤ ዋኘ። እማዬ ማንኪያው ሲቀርብ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንድ ቀን ማታ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ጤነኛ በሆነ በግራ እጇ ደጋግማ ግድግዳውን ታሳየኛለች። ዞር ብዬ ሳይ ካላንደሩ ነው፤ አናቱ ላይ የባልሽ ስም በቀይ ተጽፏል። ገባኝ። ሸጋዬን ጥሪልኝ ማለቷ ነው አልኩ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ካላንደሩን ከነሚስማሩ ነቅዬ ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ሽባ እናት ፊት፣ እንዲያ አደረግሁ።

በማግስቱ፣ እንደ ሌላው ቀን በምሳ ሰዓት ሳህንሽን ይዘሽ ስትመጪ ነው በር ላይ የጠበቅሁሽና ያን ውሸት የነገርኩሽ። አንቺ ምን አልሽ? ዋናው የእማማ ጤና ነው፣ ሐኪም ካለ ምን ይደረጋል አልሽ። ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጥሽ፣ ለሷ ካልሆነ አንቺ ብዪው አልሽኝ። ወደ ኦሎምፒያ ታክሲ ስትወርጂ ከኋላ አየሁሽ፤ ያ ጉልበትሽ እንደሚያነክስሽ አየሁ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ብቻችንን ነን፣ ወዳ ትበላለች አልኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከስኳር ሻይ ሌላ በአፏ አልዞረም። ቅናት የሚያወራው ነገር አለቀበት፤ ልገድላት ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ፍሪጁን ከፈትኩ። ሳህንሽ እንደተከደነ አለ። ልደፋው አንሥቼ ጣቴን ነከር አደረግሁና ቀመስኩት። ቅቤ የለውም! ወተትም የለውም። ዘይት፣ በዘይት የለሰለሰ ሽንኩርት፣ የካሮቱ መቀቀያ ውሃ፣ ጨው። በቃ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ምስኪን፣ ቅቤ ተወዶባት ነው አልኩ። መድኃኒትን ጠርቼ ጉድ እይ፣ የስልጤ ልጅ ያለ ቅቤ ስትሠራ አልኳት። መድኃኒት እንደ እብድ አየችኝ። የጽጌ ጾም አይደለም እንዴ አለች። እኔማ ሐኪም ስላዘዘሽ እያወቅሽ መስሎኝ፣ አፌን ያዝኩ አለችኝ።

ፍራሹን አነሣሁ። ካላንደሩ ተጨማድዷል። መስከረም 26 ላይ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀል አለች፤ ከዚያ በየቀኑ መስቀል፣ መስቀል፣ እስከ ኅዳር 5። ሳትወድቅ በፊት በገዛ እጇ ምልክት አድርጋበት ኖሯል። እማዬ ያሳየችኝ የባልሽን ስም አልነበረም። ቀኑን ነው።

ጽጌን ቄሱም አያስገድዱም፣ የወደደ ይጾመዋል። እማዬ ግን ወድዳ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ። እኔ አርባ አራት ዓመት አንድ ቤት ኖሬ፣ ማተቤን አስሬ፣ ረሳሁት። አንቺ ሙስሊሟ አስታወስሽ። ለምን እንዳስታወስሽም አውቃለሁ። በረመዳን እማዬ አንቺ ፊት ውሃ አትጠጣም ነበር። ብርጭቆዋን ከበር ጀርባ ይዛ ስትሄድ አይቼ፣ ለኔ ማን እንዲህ ይጠነቀቃል ብዬ በዚያም ቀንቼ ነበር። በውሃ!

ያን ዕለት እንዳንቺ ሠራሁት። ካሮቱን አስቀደምኩ፣ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቀልኩ፣ ጣቴ እስኪላጥ በትኩሱ ላጥኩ። ሽንኩርቱን በዘይት አለስልሼ በብርጭቆ ቂጥ ደፈጠጥኩት። ቅቤ የነካውን ማንኪያ ትቼ አዲስ አወጣሁ። እማዬ መጀመሪያ አሸተተችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች። እየበላች እኔ አለቅሳለሁ፣ መድኃኒት ታለቅሳለች፣ እሷ ግን ምግቧ ላይ ናት። ሳህኑን ጨረሰች። አፏን ስጠርግላት ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ሸጋዬ አለች።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

አቤት አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ አቤት እላለሁ። አንቺን መስዬአት ይሁን፣ ያ አንድ ቃል ብቻ ቀርቷት ይሁን፣ ሐኪሙን መጠየቅ እችል ነበር። አልጠይቀውም።

ሳህንሽን በመድኃኒት እጅ ልኬልሻለሁ። ሳህን ባዶውን አይመለስም የምትለው እማዬ ናት፣ ስለዚህ ባዶ አይደለም። ቅመሺውና ጨው ካነሰው ንገሪኝ፤ ግን ቀስ ብለሽ፣ አሁንም ሆዴ ቶሎ ይከፋዋል። ካላንደሩን አስተካክዬ ቦታው ሰቅዬዋለሁ። ነይ። ነገ በምሳ ሰዓት ነይ። ይቅርታውን በር ላይ ቆሜ በአፌ እጠይቅሻለሁ፤ በወረቀት ብቻ አላመልጥሽም።

ያንቺው አላህ የኔው እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን አያጉድልብሽ፣ ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ። እማዬን እንዳስታወስሻት የሚያስታውስሽ አትጪ።

የግድግዳ ጎረቤትሽ፣
የእማዬ ልጅ

ይህችን ረስቼ፦ ስትመጪ እማዬ ትጠራሻለች፤ መጥራቷ አይቀርም። እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ዘግየት ብለሽ አቤት በይ። አንድ ጊዜ እኔ ልቅደም።