ፀሐይ፣ መሬት እና የጁምዓ ሌሊት

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ፤ ረፋድ 4፡20

አራተኛው ስልክ። ወደ አቀስታ ከተማ፣ ለእቴ ፋጡማ፣ ለአባዬ የድሮ ጎረቤት። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ። ከብቱ ደህና፣ እህሉ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ የመጨረሻው መንቀጥቀጥ መቼ እንደተሰማቸው ጠየቅኩ። የጁምዓ ሌሊት፣ አሉ። ብርጭቆ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰበረ። ጻፍኩ፦ ዓርብ ሌሊት።

ደብተሬ፣ ይህን ቶሎ ልጻፍልሽ። ዓርብ ቀን ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ነበር። ከኢንተርኔት ባወረድኩት ሰንጠረዥ ላይ በግልጽ አለ። ቀን ፍንዳታ፣ ማታውን መንቀጥቀጥ። ይኸው ሦስተኛው። ሦስት ከሦስት።

ታደሰ ብቻ ነው የማይገጥመው። አብሮኝ ፊዚክስ የተማረ፣ አሁን ወግዲ የሚያስተምር። ለዓርብ አጥቢያ ነው ይላል፣ ማለትም ሐሙስ ሌሊት። ዩኒቨርሲቲም እያለ እንቅልፋም ነበር። ሰረዝኩት።

በአፋር በኩል መሬት መንቀጥቀጥ ከጀመረች ወዲህ እኛም ደጋው ላይ አልፎ አልፎ ይሰማናል። ሬዲዮ የሚያወራው ትልልቁን ነው። ትንንሹን የሚመዘግብ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በስልክ፣ ከአስጠኚነት በተረፈኝ ሰዓት። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት። ሥራ የለም። ግን ይህ ሰንጠረዥ አለ።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ፤ ማታ

ለአባዬ አሳየሁት። ወረዳ መዝገብ ቤት ነው የሚሠራው፤ ወረቀት የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው። ፀሐይና መሬት ምን አገናኛቸው አለ። አስረዳሁ። ከፀሐይ የሚረጨው ቅንጣት የመሬትን መግነጢስ ይመታል፤ ምናልባት ዓለቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል፤ ምናልባት ሊሰነጠቅ የደረሰውን ዓለት የመጨረሻዋን ግፊት ይገፋዋል፤ ምናልባት…

ሦስቴ ምናልባት አልክ፣ አለኝ። ወረቀቱን መለሰልኝ።

ለድሮ የፊዚክስ መምህሬ ሰንጠረዡን ላኩላቸው። ኔትወርክ ተንቀራፎ ተንቀራፎ ሄደ። መልስ የለም። መጠበቅ አልቻልኩም፣ ለማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች ነገርኳቸው። አንዷ፣ መምህር፣ ፈተናው ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ከሰዓት በኋላ ግን ገበያው ሁሉ ሰምቷል።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ፤ ከቀኑ 11፡00

ዛሬ ፀሐይ ፈንድታለች። ዋይፋይ ያለው ካፌ ተቀምጬ አየሁት፣ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ። ሻዩን ትቼ ሮጥኩ።

መጀመሪያ ጎረቤት። ሰዓዳ ከሳዑዲ ተመልሳ በላቧ የሠራችው የብሎኬት ቤት ነው፤ ከአባቷ ከአያ ሰይድ ጋር ትኖራለች። አራስ ናት። ሕፃኗ አሥራ ስምንት ቀኗ። ዛሬ ማታ ይንቀጠቀጣል፣ ውጭ እደሩ አልኳቸው። ምን ያህል እርግጠኛ ነህ ኤርሚ፣ አለችኝ። ሦስት ከሦስት፣ አልኳት። ምናልባት አላልኩም። ደብተሬ፣ አንድም ጊዜ አላልኩም።

ልጇን ጠቅልላ ወጣች። የሸራውን ካስማ ራሴ መታሁ። አሁን በእኛ መንገድ ብቻ ሰባት ግቢ ሸራ ተተክሏል። ሳይንቲስቱ እያሉ ይጠሩኛል። ግማሹ ለቀልድ ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። በጣም።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ፤ ጠዋት 1፡30

ሁለት ሌሊት። ምንም። ሸራው ላይ ውርጭ ተጋግሯል፣ በጣት ስም ይጻፍበታል። ሸራው ግን አሥራ ሁለት ደርሷል። አያ ሰይድ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበው፣ ኤርምያስ፣ ፀሐይህ ረሳችን መሰል፣ እንግዲያው ቢያንስ ታሙቀን፣ አሉኝ። ሳቅኩ። እስከ ሰባት ቀን ሊዘገይ ይችላል አልኳቸው። ከየት አመጣሁት? ሰንጠረዤ ላይ ሰባት ቀን የሚል የለም።

አንድ ነገር ልጻፍና ማንም አያንብበው። ቅድም የጭነት መኪና ሲያልፍ መሬቱ ነዘረኝ። ልቤ በደስታ ዘለለች። መጣ ብዬ። እንዲመጣ ፈልጌ። የሰው ቤት በሰው ላይ እንዲወድቅ ፈልጌ ነበር ማለት ነው? እኔ ትክክል እንድሆን? መኪና መሆኑን ሳውቅ ቅር አለኝ። ቅር ማለቴ አስደነገጠኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ 6፡00

ሕፃኗ ጡት አልይዝ አለች። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ይታያል። ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል አደረስኳቸው። የሳንባ ምች። ኦክስጅን ላይ ናት። ፊቷ ከማስኩ ያንሳል።

ነርሷ የት ስታድር እንደነበር ጠየቀች። ሸራ ውስጥ፣ አለች ሰዓዳ። በዚህ ብርድ? ለምን? ሰዓዳ አየችኝ። እኔ የባጃጁን ሒሳብ ልከፍል ወጣሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ፤ ከቀኑ 11፡40

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

የሆስፒታሉ ግቢ። አያ ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሙስበሐቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ፀሐይ ልትገባ ነው። መስጊድ ደርሰው ለልጂቱ ዱዓ ሊያስደርጉ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ዛሬ የጁምዓ ሌሊት ነው፣ ዱዓ ይሰማል አሉ።

አያ፣ ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው፣ አልኳቸው።

እንደ ሕፃን አዩኝ። ፀሐይ ስትገባ ጁምዓ ይገባል። የነገዋ ማታማ የቅዳሜ ናት፣ አሉ።

ብርጭቆው ትዝ አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። እቴ ፋጡማ ጋ ደወልኩ። ሰላምታ አላልኩም፤ ደንግጠው ማን ሞተ አሉኝ። ብርጭቆው የወደቀበት ሌሊት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት ያለው ነው ወይስ በኋላ ያለው? በፊት ነዋ፣ ሲነጋ ወንዶቹ ሊሰግዱ ሄዱ፣ አሉ። የቀድሞዎቹን ሁለት መንቀጥቀጦች ለነገሩኝ ሰዎችም ደወልኩ። የሰኞ ሌሊት ያሉኝ እሁድ ማታ ነው። የረቡዕ ሌሊት ያሉኝ ማክሰኞ ማታ ነው። ሌሊቱን ለሚነጋው ቀን ነው የሚቆጥሩት፣ ሁሉም። እኔ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ወደፊት ገፍቼ ጽፌአለሁ።

መጀመሪያ መሬት ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ፀሐይ ፈነዳች። ሦስት ከሦስት፣ በተቃራኒው። እንደ እኔ ሰንጠረዥ ከሆነ ፀሐይን የምታፈነዳት መሬት ናት።

እዚሁ ተወልጄ። እዚሁ አድጌ። ስንት ሐሙስ ማታ ጎረቤቴ የጁምዓ ሌሊት ሲል እየሰማሁ። ጆሮዬ የሚያውቀውን እጄ አልጻፈውም። የፀሐይዋን ፍንዳታ ከግሪንዊች ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ሳሰላ ሦስቴ አረጋግጫለሁ፤ የአቀስታን ሌሊት አንዴም አልጠየቅኩም። ታደሰ ትክክል ነበር። የሰረዝኩት እሱን ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ፤ ከቀኑ 7፡10

የመምህሬ መልስ ማለዳ ገባ። አጭር። ብዙዎች ይህን ግንኙነት ፈልገዋል፣ የጸና ነገር አልተገኘም፤ ሦስት ደግሞ ምንም አያሳይም፤ ቀንና ሰዓትህን እንደገና መርምር። ሳምንት ቀድሞ ቢደርስ እሰማው ነበር? አይመስለኝም።

ሰዓዳ ጋ ሄድኩ። ከአልጋው አልተነሳችም። ሕፃኗ አሁንም ኦክስጅን ላይ ናት፤ ሐኪሙ እስከ ነገ ምንም አልልም ብሏል። ሁሉንም ነገርኳት። ሌሊቱን፣ ሰንጠረዡን፣ ታደሰን መሰረዜን። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ እንግዲያው ልጄ ከዳነችልኝ ቤቴ ልግባ?

አፌን ከፈትኩ። ግቢ ልላት ነበር። አላውቅም አልኳት። ዛሬም ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ላይመጣም ይችላል። ፀሐይን አይቶ የሚነግርሽ ሰው የለም። ብርዱን ግን አውቀዋለሁ።

ያኔ እንዲህ ብትለኝ እኔም ከብርዱና ከቤቴ መርጬ አድር ነበር፣ አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ ሁለቱም ሸራ እንደተተከለ ነው። በሁለቱ ውስጥ ሕፃናት አሉ፣ በአንዱ አስም ያለባቸው አሮጊት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ልናገር ነው፤ አያ ሰይድ ሰጋጁን ጀማ አቆምልሃለሁ ብለዋል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን። አባዬ ከቢሮ አስፈቅዶ መጥቷል። ልደግፍህ አላለም፤ አጠገብህ እቆማለሁ ነው ያለው።

የምናገረውን ሦስት ገጽ ጽፌ ሰረዝኩ። ስለ መግነጢስ፣ ስለ ቅንጣት። ይቅርታ የሚመስል ማብራሪያ ነበር። የቀረው ይህ ነው፦ ተሳስቻለሁ። ሌሊቱን አዛብቼ ቆጠርኩ። የአያ ሰይድ የልጅ ልጅ በእኔ ቃል ታማለች። ሕፃንና አሮጊት ዛሬውኑ ቤት ይግቡ። መቼ እንደሚንቀጠቀጥ አላውቅም። አውቃለሁ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ እኔው ራሴ ብሆን፣ መጀመሪያ ሌሊቱን እንዴት እንደቆጠረ

አባዬ እየጠራኝ ነው። ሰው መውጣት ጀምሯል