ሌላውን ጨርቅ የሚዳስስ ገዢ

ልጄ ሆይ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የመጋረጃ ጨርቁ እንደ ጉድ ይሸጣል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መነጽር አድርጎ፣ «ሚስቴን ገና ዛሬ አየኋት» እያለ ያስቀናል።

ያልገባኝ አባትሽ ነው። አንቺ ደውለሽ «በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ፣ የእግር ጉዞና ምግብ አንድ ላይ ሲስተካከሉ ዕድሜ ያረዝማሉ» ካልሽው ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ጨው እርም አለ። መብራት በጊዜ ያጠፋል። ጠዋት ወደ ሱቅ በእግር እንሂድ ይላል።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?» ብለው፣ «እርጅናዬን ላሳምር ነዋ!» አለኝ።

መጀመሪያ እሱን አሞት ደብቃችሁኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ልብ ብዬ አየሁት። ከቤት ጨው አጥፍቶ ልብስ ሰፊው ጋ ጨው የበዛበት ኦቾሎኒ ይቆረጥማል። መንገድ ላይ እኔ ሳለከልክ «ደከመኝ» ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። መብራቱን አጥፍቶም እንቅልፍ እስኪወስደኝ ትንፋሼን ያዳምጣል።

እኔ ዘመኔን ሙሉ ጨርቅ የሸጥኩ ሴት ነኝ። ብልጥ ገዢ ዋጋ እንዳይጨመርበት ልቡ ያረፈበትን ትቶ ሌላውን ይዳስሳል። ባለፈው ሐኪም ያየው እኔን ነው። ውጤቱን የተቀበለው ግን አባትሽ ነው፤ «ምንም የለብሽም» አለኝ።

ጨውም ትቻለሁ፣ መራመዱንም አልጠላሁትም። ብቻ ሐኪሙ ያለውን አንቺ ሳትሸሽጊ ንገሪኝ። ለእሱ ትንፍሽ አልልም፤ ደከመኝ ሲል ያመንኩት መስዬ አብሬው እቆማለሁ።

ወግ ማዕረግሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ