ሸሚዜ እንዲታይ ስለወለቀው ጃኬት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ምክር ለማይገባው ወንድሜ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ከሐይቁ ከተመለስክ ወዲህ ጉንፋን አልያዘህም? እማዬስ ጉልበቷን ሻል አላት? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? ትንሿ እህታችን ሚጡስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ደውዬ እንዳልጮህብህ፣ አንተ ቁጣ ስትሰማ ኔትወርክ ይጠፋብሃል። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። እማዬ አጠገብ ቁጭ ብለህ ጮክ ብለህ አንብበው። አንድ መስመር ብትዘል ፊትህን አይታ ታውቅብሃለች።

ፎቶውን አየሁት። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችህ ጋር ሐይቅ ወርደህ፣ ጄት ስኪ፣ ያ የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌት ላይ ጉብ ብለህ፣ የላክሁልህን ነጭ ሸሚዝ እስከ አንገትህ ቆልፈህ፣ ከታች ጂንስ፣ እግርህ ላይ ያ የቆዳ ጫማ። ሠርግ የተጠራህ ነው የምትመስለው። መንሳፈፊያ ጃኬቱስ የት ነው? ተቀምጠህበታል! ከሥሩ ደግሞ ምን ብለህ ጻፍክ? «እታለም፣ ሸሚዝሽ እንዲታይ ብዬ ጃኬቱን አወለቅኩት።» አበስኩ ገበርኩ!

ሥራዬን ረሳኸው መሰለኝ። እኔ እኮ እዚህ ሰው አገር፣ ጄት ስኪ በሚከራይበት ቦታ ከጠዋት እስከ ማታ ለሰው ጃኬት የማለብስ ሴት ነኝ። ዚፑን እዘጋለሁ፣ ማሰሪያውን አጠብቃለሁ፣ ከዚያ የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ይዤ ወደ ላይ እስባለሁ። አገጩ ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው፣ አስወልቄ ሌላ እሰጠዋለሁ። ሆዳቸው አልገባ ያላቸው ሽማግሌ ሲያንጓጥጡኝ፣ ሙሽሮች ፎቶ አበላሸሽብን ብለው ሲያኮርፉኝ ጥርሴን ነክሼ አለብሳለሁ። ስሙን ለማላውቀው ሰው ሁሉ እንዲህ ስሟገት ውዬ፣ የገዛ ወንድሜ ጃኬቱን ትራስ ያደርገዋል!

አንተ ደግሞ ዋና አትችል። ልጅ ሆነህ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ወድቀህ ስትንፈራገጥ ጆሮህን ይዤ ጎትቼ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ሐይቁ መሀል ጆሮህን የሚጎትት የለም። ጂንስ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ወደ ታች ነው የሚጎትትህ።

ይሄም ሳያንስ፣ በሚቀጥለው ወር ሚጡን ከኋላ ጭነህ ልትሄድ ነው አሉ። እሷም ያንን የላክሁላትን ረጅም ሻርፕ አድርጋ ፎቶ እንድትነሳ! ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግዳ እንደዚያ ያለ ሻርፕ ከጃኬቷ ሥር ደብቃ ወጣች። ከኋላ ወደ ውሃው ወርዶ ሞተሩ ሳበው። ደግነቱ አንገቷ ላይ አልተቋጠረም፣ ተመዝዞ ሄደላት። መካኒካችን ጨርቁን ከሞተሩ ሲጎለጉል ዋለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ የማስበው የሚጡን አንገት ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሹ ንዴቴ በራሴ ላይ ነው። ዕቃ በላክሁ ቁጥር «ለብሳችሁ ተነሱና ላኩልኝ» እያልኩ ያስለመድኳችሁ እኔ ነኝ። አንዴ ፎቶው ቢዘገይ አልወደዱልኝም ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያለሁ። እማዬ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሳ፣ ላብ በላብ ሆና የተነሳችው አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ። እኔን ደስ ይበላት ብላችሁ ነው። እሱን ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል።

አሁን ስማ። አትሂዱ አልልም፣ ብልህም አትሰማኝም። ሸሚዙ ቤት ይቅር። ቶሎ የሚደርቅ ስስ ቁምጣና እጅጌው ረጅም የሆነ የስፖርት ልብስ ልበሱ፣ ፀሐይ ከላይም ከውሃውም ነው የምታቃጥለው። ነጠላ ጫማ ውሃ ይወስደዋልና ከእግር የማይወልቅ የላስቲክ ጫማ አድርጉ። ሻርፕ የለም፣ የአንገት ሐብል የለም፣ ሚጡ ፀጉሯን ጠቅልላ ትሠር። የምትቀይሩት ደረቅ ልብስ ከነውስጡ፣ ፎጣ፣ የፀሐይ ቅባትና የሚጠጣ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ዳቦም ያዙ፣ አንተ ሲርብህ ነገር ትፈልጋለህ። ስልክህን ዳር ላይ ለሚቀር ሰው ስጥ፣ እሱ ያንሳችሁ። ከሞተሩ የተያያዘውን ቀይ ገመድ ደግሞ እጅህ ላይ እሠረው። ስትወድቅ እሱ ተመዝዞ ሞተሩን ያጠፋዋል፣ አለዚያ ጥሎህ ይሄዳል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለእረፍት የሚመጣው ሹፌራችን ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ይሰጥሃል። ሽቶ ነው ብለህ አትጓጓ። ሁለት መንሳፈፊያ ጃኬት ነው። ያንተን መካኒካችን ላይ ለካሁት፣ ትከሻችሁ አንድ ነው። የሚጡን እኔው ለብሼ መረጥኩት፣ እኔን አክላለች ብላችሁኝ የለ?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ያንን የጄት ስኪህን ፎቶ ለጎረቤት ማሳየቱን ትተወው፣ ከግድግዳውም ታውርደው። አባባን ሳሉን ቸል እንዳይል፣ ያንተንም ነገር አይቶ እንዳላየ እንዳያልፍ ንገርልኝ። አክስቴን ሰላም በልልኝ፣ የሰደደችልኝ ጋቢ ደርሶኛል። ሚጡን ጉንጯን ሳምልኝና ሻርፑን ተቀበላት።

አንተን ገና አልታረቅኩህም። የቤታችንን ልማድ ግን ታውቀዋለህ፣ የተላከ ለብሶ ፎቶ መነሳት ግድ ነው። ሁለታችሁም ዚፑን ዘግታችሁ፣ ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ተነሱና ላኩልኝ። ሸሚዜ አይታየኝ። እናንተን ልያችሁ።

እህትህ፣
ከውሃው ዳር፣ ከጃኬት ማድረቂያው ክፍል
ኅዳር ፲፪ ቀን