ግንቡ ያልደረሰበት ዳር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደክሞኛል፤ ከዚህ የተሻለ ሰላምታ የለኝም። የምጽፍልህ መጥተህ አባባን ከወንዙ ዳር ቤት እንድታወጣልኝ ነው።

ወንዙ በየክረምቱ እየባሰበት ነው። አምና አባባን ጎረቤቶቹ አዝለው ነው ያወጡት። እኛ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ለሁለቱም ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ እንዲሠራ ስንት ዓመት ደጅ ጠናን። የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋሚያ የሚባለው ገንዘብ ከላይ ሲነሳ ብዙ ነው። በየቢሮው ለጥናት፣ ለስልጠና፣ ለክትትል እየተቆነጠረ እኛ ዘንድ ሲደርስ ለአንድ ዳር ብቻ በቃ። ከስልጠናው የተረፈ ኮፍያ ለአባባ ሰጥቼው፣ «ጎርፉ ሲመጣ አደርገዋለሁ» ብሎ ሰቅሎታል።

ስብሰባው ላይ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ መሐንዲሷ እኔ ነኝና። በወዲያኛው ዳር ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ አሉ፤ በወዲህኛው አባባና ጎረቤቶቹ። ወዲያኛው ይቅደም አልኩ። ኃላፊዬ ሲወጣ፣ «አይዞሽ፣ በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን» አለኝ። ይህን ቃል ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ለአባባ ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ይቆጣል ስል ሬዲዮኑን ቀነስ አደረገና፣ «እሰይ! ወዲህ ቢሆን ‹ለአባቷ ገነባችለት› ይሉን ነበር» ብሎ ሳቀ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

«እንግዲያው እኔ ቤት ግባ» አልኩት።

«አልገባም። እኔ ከወጣሁ ለሚቀሩት ማን ይጮህላቸዋል?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አንቺማ የምትጮኺው እኔ እዚህ እስካለሁ ነው።»

ተናደድኩ፤ ያልተናገርኩት የለም። እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ «እሺ፣ ብወጣም እንደዚሁ እንደምትከራከሪላቸው በእናትሽ ነፍስ ቃል ግቢልኝ። ዛሬውኑ ጓዜን እጠቀልላለሁ» አለ።

ቃሉን ልገባለት አልቻልኩም። አባባ እኔ ቤት ደህና ተኝቶ ሳለ፣ ያንን ሁሉ ደጅ ጥናት እንደገና ለመጀመር አቅም ይኖረኝ እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ጋሼ። ቃል እንዳልገባሁለት አየና ሬዲዮኑን መልሶ ከፍ አደረገው።

ስለዚህ ጨርቄን ማቄን ሳትል፣ ዝናቡ ሳይጀምር ና። አንተን ይሰማል። ቃል ካስፈለገም አንተ ግባለት።

እስከዚያው የወዲህኛውን ዳር ማመልከቻ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። እሱ እዚያ ነዋ።

የደከማት ታናሽ እህትህ