ሄልሜት አዘዙልን፣ ጉድጓዱን ተዉልን

ሰኔ 17፣ ባሕር ዳር

ለክቡር አቶ ዓምደ ሚካኤል
የብስክሌት ነጂዎች ደህንነት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የፊታችን እሑድ ስለሚደረገው የብስክሌት ሰልፍ፣ ሳይረፍድ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጭንቅላትዎ እንደምን ሰነበተ? እኔም ሆንሁ የሹም አቦ ሰፈር ብስክሌተኞች ሁሉ ለጭንቅላትዎ ጤና እንጸልያለን፤ እርስዎ ለኛ ጭንቅላት ይሄን ያህል ከተጨነቁ እኛ ለእርስዎ ብንጨነቅ ምን ይገርማል። ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎም፣ መኪናዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አለኝ። ብስክሌትዎን ደህና ናት ወይ ብየ አልጠየቅሁም፤ እንደሌለዎት አውቃለሁ። እዚህ ከተማ ያለች ብስክሌት ሁሉ አንድ ቀን በኔ እጅ ታልፋለች፣ የእርስዎ አላለፈችም።

ቢያዝን እባላለሁ። ሹም አቦ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ብስክሌት እጠግናለሁ። ትምህርቴ እስከ አምስተኛ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ግባ ሲሉኝ ጎማ ልነፋ ሄድሁ። ስለዚህ ፊደል ብስት ይቅር ይበሉኝ፣ ጎማ ግን አልስትም። ዓይኔን በጨርቅ አስረው የኋላ ጎማ ቢሰጡኝ ፈትቼ፣ ለጥፌ፣ ነፍቼ እመልሰዋለሁ። ሸንኮራ እየመጠጥሁ፣ እጄን ከመሪው ለቅቄ፣ በቅዳሜ ገበያ መሀል ሰው ሳልነካ አልፋለሁ። እንደኔ የሚነዳ ባሕር ዳር አልተወለደም፤ ተወልዷል የሚል ካለ ይምጣ። ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ቢናገር ጉራ አይባልም።

አሁን ወደ ምስጋናየ ልግባ፤ ብዙ ነው፣ ቁጥር እየሰጠሁ ላቅርብልዎ።

1ኛ. በመጋቢት ወር "ሄልሜት ሳያደርግ የሚነዳ ብስክሌተኛ ጎማው ይተነፍሳል" ብለው ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱት አስተናባሪዎችዎ ሥራቸውን አልበደሉም። አስተማሪ የለ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የለ፣ ከይፋግ ሩዝ ሊሸጥ የመጣ የአገር ሰው የለ፣ ሁሉንም እኩል አስተነፈሱት። ያ ሁሉ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። እርስዎ ያስተነፈሱትን እኔ ነፋሁ። መሥሪያ ቤትና ተራ ዜጋ እንዲህ ተባብረው ሲሠሩ እስካሁን የት ታየ?

2ኛ. የቁጥጥር ቦታውን ስለመረጡበት ጥበብ አመሰግናለሁ። አስፋልቱ እንደ መስታወት ነው፣ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል፣ ሻይ ቤቱም ቅርብ ነው። እውነቴን ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ዕድሜየን ሙሉ የወደቀ ሰው አላየሁም። ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ሲሉ ዋርካው አለ። ከዋርካው በታች አስፋልቱ ያልቅና ወደ ሐይቁ የሚወስደው ቁልቁለት ይጀምራል። አሸዋ የጫኑት ገልባጭ መኪናዎች ከሐይቁ ዳር የሚወጡት በዚያው ነው። መታጠፊያው ላይ ደግሞ የውሃ መውረጃው ክዳን ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ረጅም ሰው እስከ ደረቱ ይገባበታል። አስተናባሪዎችዎ ወደዚያ አንድ ቀን ወርደው አያውቁም። ጥላ ስለሌለው ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም።

3ኛ. ይሄን ማንም ደፍሮ ስላልነገረዎት እኔው ልንገርዎ። ሄልሜት መግዛት የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። የገዛውም ቢሆን ቄሱ በጥምጣማቸው ላይ፣ ሴቷ በሹሩባዋ ላይ እንዴት ታድርገው? ስለዚህ አሰብሁ። እኔ ሳስብ ደግሞ ለቀልድ አይደለም። ዘጠኝ ሄልሜት አመጣሁ። ከቁጥጥሩ በፊት፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ እኔ ለብስክሌተኛው አከራየዋለሁ፤ ቁጥጥሩን በክብር ያልፋል፤ ዋርካው ጋ ጓደኛየ ሂሻም ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ቆሟል፤ ከራሱ ላይ አውልቆ ይቀበለውና በጓሮ መንገድ ያመጣልኛል። እኔ ለሌላው አደርግለታለሁ። የአንዱ ላብ ሳይደርቅ ሌላው ያጠልቀዋል። ቀዩ ሄልሜት በአንድ ጠዋት አስራ አንድ ጊዜ ባስተናባሪዎችዎ ፊት አለፈ፤ አስራ አንድ ጊዜም "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ዜጋ!" ተባለ። አስራ አንዱም የተለያየ ሰው ነበር።

ያኔ እንዴት እንደኮራሁ አይጠይቁኝ። ሰፈሩ "ባለ ቆቡ" ይለኝ ጀመር። አሁን ሳስበው ግን እርስዎና እኔ አንድ ሰው ነበርን። ሄልሜት ለማን እንደሚደረግ እኩል ነው የገባን፦ ለአስተናባሪው ዓይን። እርስዎ ደህናው መንገድ ላይ አስደረጉ፣ እኔ ክፉው መንገድ ሊጀምር ሲል አወለቅሁ። ሁለታችን ተጋግዘን ራስ ቁሩን ሰው ከማይወድቅበት ቦታ ንቅንቅ እንዳይል አደረግን።

4ኛ. ይሄኛው ምስጋና የለበትም፣ ቁጥሩ ብቻ ይቁጠርልኝ።

ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩትን ሽማግሌ አቶ አብዱልወሃብን ሳያውቋቸው አይቀሩም። ልጃቸው ሱምያ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ወደ ሐይቁ ወርዳ ከጀልባዎቹ ዓሣ ትቀበልና ለየምግብ ቤቱ ታደርስ ነበር። በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ ጭጋጉ ገና ከሐይቁ ሳይነሳ፣ ቀዩን ሄልሜት በሂጃቧ ላይ አደረግሁላት፤ ማሰሪያውን ራሷ አሰረችው። የዚያን ቀን ከኮሚቴዎ ፎቶ አንሺ ተልኮ ኖሮ ቁጥጥሩ ላይ አስቆማት።

"ፈገግ በይ እህቴ።"

"ዓሣው ፈገግታየን አይጠብቅም ወንድሜ፣ ቶሎ በል" አለችው። ግን ሳቋ አመለጣትና ፎቶውን ተነሳች።

ዋርካው ጋ ስትደርስ ሂሻም እጁን ዘረጋ። "ሂሻሜ፣ ዛሬ እስከ ታች ላድርሰው፣ ጭጋጉን አታየውም? ስመለስ አመጣዋለሁ" አለችው። ሂሻም ስልክ ደወለልኝ፤ "ሱምያ አልሰጥም ብላለች፣ ምን ልበላት?" አለ። ስልኩን ለሷ ስጣት አልሁት።

"አንች ልጅ፣ እዚህ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ይች ቁልቁለት ምን ታደርግሻለች? ስጭው።"

"እሽ ጌታው፣ የቆብ ንጉሥ" ብላ ሳቀችብኝ። ሰጠችው።

ትንሽ ቆይቶ የገልባጩ ጡሩንባ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ክቡር ሆይ፣ ያን "ምንም" ሰምተውት ያውቃሉ? ወፍጮው ሳይቀር የቆመ መሰለኝ። ሮጨ ወረድሁ። መኪናው አልነካትም። ሸሽታው ወደ ዳር ስትወጣ የፊት ጎማዋ እጉድጓዱ ገባ፣ እሷ በመሪው ላይ ተወርውራ ጭንቅላቷ የሲሚንቶውን ጠርዝ አገኘው። ሂሻም አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ ቀዩን ሄልሜት በእጁ እንደያዘ። ማሰሪያው ገና አልበረደም ነበር።

ዘጠኝ ቀን አልተናገረችም። አሁን ቤቷ ናት፣ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። እናቷ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሱምያ ግን በየጠዋቱ "እማ ገበያ ሄደች?" ትላለች። አቶ አብዱልወሃብም በየጠዋቱ "አዎ ልጄ" ይላሉ።

ሽማግሌ ይዤ ደጃቸው ሄድሁ። ድንጋይ ተሸክሜ አንገቴን ደፋሁ፤ እኔ፣ አንገቱን ለማንም ደፍቶ የማያውቀው ቢያዝን። "ጥፋቱ ያንተ ነው አልልህም፣ ያንተ አይደለምም አልልህም። ያን የተሸከምኸውን ድንጋይ ሂድና ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው። ሲሞላ ተመለስ፣ ያኔ እንነጋገራለን" አሉኝ።

እኔና ሂሻም ሦስት ቀን ድንጋይ አጋዝን፣ ሞላነው። በአራተኛው ቀን ደብተር የያዙ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡና "ያለ ፈቃድ የውሃ መውረጃ መድፈን ክልክል ነው" አሉን። ድንጋያችንን አንድ ባንድ አስወጥተው፣ ጉድጓዱን እንደ ጥንቱ አጽድተው፣ ክፍቱን መለሱልን። ክዳን መቼ ይመጣል ብንላቸው "በሂደት ላይ ነው" አሉ። ለኮሚቴዎም ሄጄ ነገርሁ፤ ጸሐፊዎ "እኛ የራስ ነን፣ የመሬት አይደለንም" አለችኝ። ይሄን ያህል የሥራ ክፍፍል ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎ።

5ኛ. አደባባዩ ላይ የሰቀሉትን ትልቅ ሥዕል ሰው ሁሉ አይቶታል። ሱምያ ቤት በሚያህል ጨርቅ ላይ በቀይ ሄልሜት እየሳቀች፣ ከሥሯ "እኔ ጭንቅላቴን እጠብቃለሁ፣ እርስዎስ?" ተብሎ ተጽፏል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሄልሜቱ ራሷ ላይ የቆየው ዋርካው ጋ እስክትደርስ ነው። አቶ አብዱልወሃብ ከዚያ ወዲህ መስጊድ የሚሄዱት በሌላ መንገድ ዞረው ነው። ከፎቶው በታች ደሞ "ባለፉት ሦስት ወራት በቁጥጥር ቦታው አንድም አደጋ አልደረሰም" ይላል። እውነት ነው። ምስክር ከጠፋ እኔን ይጥሩኝ።

6ኛ. እንግዲህ የጻፍሁበት ዋናው ነገር ይሄ ነው። የፊታችን እሑድ ሁለት መቶ ብስክሌተኛ፣ ግማሹ የትምህርት ቤት ልጅ፣ አዲስ ሄልሜት ታድሎት ከአደባባዩ ተነስቶ በዋርካው በኩል ሐይቁ ዳር ድረስ እንደሚወርድ ሰማን። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ትናንት ጠዋት ወርጄ አየሁት። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። መንገዱና ውሃው እኩል ሆነዋል፣ የት ላይ መንገዱ እንደሚያልቅ አይለይም። ሰማዩና ደመናው ይታዩበታል። የማያውቅ ሰው ትንሽ የዝናብ ውሃ ነው ብሎ ደስ እያለው ይገባበታል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሁለት መቶ ሰው ተከታትሎ ሲወርድ የመጀመሪያው ቢገባ ሁለተኛው የት ይሄዳል? አሥረኛውስ? እኔ ፍሬን ስጠግን የኖርሁ ሰው ነኝ። እርጥብ ፍሬን እዚያ ቦታ ላይ አይዝም። እኔ እንኳን፣ እኔ ቢያዝን፣ ላልይዘው እችላለሁ።

ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤቱ ጋ እየቆመ "ሄልሜት ይደረግ ወይስ አይደረግ?" ይለኛል። ይደረግ። እስከ ቤት ይደረግ። ዋርካው ጋ አይውለቅ። እኔ ራሴ አሁን አድርጌ ነው የምነዳው፣ የሚስቅብኝም ይሳቅ፤ ዘጠኙን ሄልሜት ለዘጠኝ ሰው ሰጥቻቸዋለሁ፣ መልሼ አልወስድም። ግን ሄልሜት ጭንቅላትን እንጂ አንገትን አይሸፍንም። ውሃ ውስጥ የገባ ልጅንም አያስተነፍስም።

ስለዚህ እጅ እየነሳሁ የምለምነዎ አንድ የብረት ክዳን ነው። እሱ ከከበደ ሰልፉ በሌላ መንገድ ይሂድ። እስከ ቅዳሜ ሁለቱም ካልሆነ፣ እሑድ ጠዋት እኔና ሂሻም እጉድጓዱ ውስጥ ገብተን እንቆማለን። ውሃው እስከ ደረታችን ነው፣ ለክቶ የሚያውቅ ሰው ነኝ። ልጆቹ ከሩቅ ሁለት ራስ መሬት ላይ ቆሞ ሲያዩ ይቆማሉ። ፈቃድ የለንም፤ አስተናባሪዎችዎን ልከው ሊያስወጡን ይችላሉ። ቢያንስ ያን ቀን ከዋርካው በታች ይወርዳሉ።

ለክብርዎ እስከ ጫማዎ ክር ዝቅ ብየ፣ ለቢሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በዚህ ከተማ ጎማ የነፋሁለትን ሁሉ ወክየ፣

ቢያዝን
ሹም አቦ፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን

ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ

ማስታወሻ፦ ይሄን ጽፌ ልለጥፍ ስል የኮሚቴዎ የጥሪ ወረቀት እነ ሱምያ ቤት ደረሰ። "አርአያ የሆኑት ብስክሌተኛ ሱምያ አብዱልወሃብ ሰልፉን ከፊት ሆነው ይመራሉ" ይላል። አባቷ ሊደብቁት ሞከሩ፣ ያመጣው ሰውዎ ግን ጮክ ብሎ አንብቦላታል። ዛሬ ጠዋት እየሳቀች መጣችና "ብስክሌቴ አለቀች?" አለችኝ። ጠግኜ ከጨረስኋት ሁለት ሳምንቷ ነው። "ገና ናት" አልኋት። ነገም ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም ትመጣለች። ጉረኛ ልሆን እችላለሁ፣ ውሸት ግን አልተማርሁም፤ እስከ ቅዳሜ ልዋሻት እሞክራለሁ። ለእሑዱ እርስዎ ምን እንደሚሏት ያስቡበት።