አንተና እርስዎ

ጥቅምት 5
ቤተ መጻሕፍቱ ጭር ብሎ ዋለ። የተመለሱትን መጻሕፍት ደረደርኩ፣ አቧራ ጠረግኩ፣ በቃ። ለንባብ ቡድናችን የመርማሪው ተከታታይ ልቦለድ ስድስተኛ መጽሐፍ ደርሷል። የቡድኑ አባል ፀጉር አስተካካዩ ገና በር ላይ ሆኖ "ገዳዩ ማነው? ብቻ እንዳትነግሪኝ!" አለኝ። ታዲያ ምን ያስጠይቀዋል?

ቤት ስገባ አባዬ ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተዋል። ከወገባቸው ቀዶ ጥገና ወዲህ እኔ ጋ ናቸው። ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። "ድኛለሁ፤ እስከ መቼ ላስቸግርሽ?" አሉ። "እንደፈቀዱ" አልኩ። እዚያ ብቻቸውን... "ይቆዩ" ማለት ምን ያቅተኛል?

ጥቅምት 7
መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። እያነበቡት አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በወንጀል ምርመራ የፈጁ ሰው! "እንዴት ነው?" ስላቸው፣ "ይሄ ሰውዬ ሪፖርት አይጽፍም እንዴ?" አሉኝ። ሳቄ መጣ። ዋጥ አደረግኩት። ለምን ዋጥኩት?

ጥቅምት 8
አባዬን ይዣቸው ቡድኑ ጋ ሄድኩ። መምህሩ "ጨለማ በዛበት፤ በየገጹ ሬሳ፣ በየገጹ ዝናብ" አሉ። ፋርማሲስቷ ከመርማሪው ፍቅር ይዟታል። "ያን ሁሉ ጠጥቶ ጉበቱ እስካሁን መሥራቱን ብቻ ነው ያላመንኩት" አለች። ፀጉር አስተካካዩ ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ ብሎ ድርቅ አለ። ውሸቱን ነው።

ከዛ ክርክሩ መጣ። መርማሪው ሚኒስትሩንም ሌባውንም "አንተ" ነው የሚለው። እዚህ ግን መጨረሻ ላይ፣ ገዳዩ የልብ ጓደኛው መሆኑን ሲያውቅ፣ ድንገት "ይቀመጡ" ይለዋል። መምህሩ "አራሚው ተኝቶ ነው፤ የኅትመት ስህተት" አሉ። ሁላችንም ተስማማን።

አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስህተት አይደለም። እኔም እንደዛ ነበርኩ። 'አንተ!' እያልኩ የምጮህበት ሰው ላይ ገና ተስፋ አለኝ። 'እርስዎ' ካልኩት ግን... አበቃ። ከልቤ አውጥቼዋለሁ።"

ፋርማሲስቷ "ውይ!" ብላ ምዕራፉን መልሳ ገለጠች። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ አንገቱን አስግጎ አብሯት አነበበ።

በእግር ተመለስን። መንገድ ላይ ቆም አሉ። ወገባቸው መስሎኝ "አመመዎት?" አልኩ።
"አንቺስ 'እርስዎ' የምትይኝ ለዚህ ነው?"
ደነገጥኩ። "ኧረ አባዬ! አክብሬዎት ነው እንጂ።"
"ልጅ ሆነሽ 'አንተ' ነበር የምትይኝ። እናትሽን በቀበርን ማግስት ሥራ ገባሁ። ማታ ስመለስ 'እርስዎ' ብለሽ ተቀበልሽኝ። ምነው ብዬም አልጠየቅኩሽ።"

እውነታቸውን ነው። ተቀይሜያቸው ነበር... በጣም። ከዛ ቂሙ ጠፋ፣ ቃሉ ግን አፌ ላይ ቀረ። መቼ እንደጠፋ እንኳ አላውቅም። ይቺን ብነግራቸው ምን ነበረበት? ቀድሜያቸው ቤት ገባሁ። ሞኝ!

ጥቅምት 9
መስታወት ፊት ቆሜ "አንተ" ብዬ ሞከርኩ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። በዚህ ዕድሜ! ቁርስ ላይ "ሻይ ይቀዳ?" አልኩ። ምሳ ላይ "ጨው አነሰው እንዴ?" አንተም እርስዎም ሳልል ዋልኩ። ገብቷቸዋል። ምርመራ የለመደ ሰው ይሄ ሊያመልጠው? ማታ ልብሳቸውን አጣጥፈው ሻንጣው ውስጥ ከተቱ። ላግዝ ብዬ አንድ ሸሚዝ ስንት ጊዜ አጠፍኩ...

ጥቅምት 10
ቅዳሜ። ታክሲው ከታች ክላክስ አደረገ። አባዬ ግንባሬን ስመውኝ ወጡ። በሩ ተዘጋ። ቆምኩ። ከዛ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩት።

"አባዬ! አንተ! የት ነው የምትሄደው? ተመለስ!"

ጮህኩ እኮ። ጎረቤት በር ከፍቶ አየኝ። ይየኝ!

ሻንጣውን አስቀመጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ከዛ "ባለታክሲውን አሰናብቺው" አለኝ። ባለታክሲው ተበሳጨ፣ ተሳደበም። እኔ ምን ቸገረኝ።

አባዬ አሁን ሶፋው ላይ ተኝቷል። ያንኮራፋል።